በ1.69 በመቶ ፈርሜ 4.8 በመቶ የምከፍለው ለምንድን ነው? ቻርጅባክም መጣብኝ

የበርበሬ ሱቅ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ቡና፣ ሐሙስና ዓርብ ደግሞ እንጀራ እሸጣለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ በድረ ገጽም ትዕዛዝ እየተቀበልኩ ወደ ሌላ ስቴት በፖስታ እልካለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የካርድ ማሽን የሚሸጥ ልጅ ሱቄ ድረስ መጥቶ «1.69 በመቶ ብቻ» ብሎ አስፈረመኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ቡናም ጠጥቶ ነው የሄደው። ባለፈው ወር በካርድ የሸጥኩት 9,400 ዶላር፣ የተቆረጠብኝ 451 ዶላር ከ20 ሳንቲም! ለማሽኑ ደግሞ ለብቻው በየወሩ 89 ዶላር ከባንኬ ይወጣል። ይሄ ሳያንስ ትናንት ሚኒሶታ በላክሁት የ186 ዶላር ዕቃ ቻርጅባክ (ደንበኛው ሲያመለክት ባንኩ ክፍያውን ከነጋዴው መልሶ የሚወስድበት) መጣብኝ። ደንበኛው «ይህን ክፍያ አላውቀውም» ብሎ ለባንኩ አመልክቷል። ፖስታው ግን ደርሷል ይላል። ገንዘቡን ልመልስለት ወይስ ልከራከር? ከየቱ ልጀምር?

አሌክሳንድሪያ ግሮሰሪ
እህቴ፣ ኮሚሽኑን ለጊዜው ተዪውና ቻርጅባኩን ያዢ። እሱ ቀነ ገደብ አለው። ማስታወቂያው ላይ እስከ መቼ መልስ መስጠት እንዳለብሽ ተጽፏል፤ ያ ቀን ካለፈ እውነቱ ያንቺ ቢሆንም ተሸናፊ ነሽ።

ገንዘቡን በፍጹም እንዳትመልሺ። ቻርጅባክ አንዴ ከተከፈተ ገንዘቡ ካንቺ ተወስዷል። አሁን በራስሽ ከመለስሽለት ሁለት ጊዜ ከፈልሽ ማለት ነው። እኔ በዚህ የሦስት ከረጢት ጤፍ ዋጋ ሄዶብኛል።

ደግሞ ልብ በይ፣ ሰውየው ያለው «አልደረሰኝም» አይደለም፣ «አላውቀውም» ነው። «አልደረሰኝም» ላለ ሰው የፖስታው መከታተያ ዋናው ማስረጃሽ ነው። «አላውቀውም» ላለ ግን ያዘዘው ራሱ መሆኑን ማሳየት አለብሽ፦ የካርዱ አድራሻ ከላክሽበት አድራሻ ጋር መግጠሙን፣ የካርዱ ጀርባ ሦስት ቁጥሮች በትክክል መግባታቸውን፣ ያዘዘበትን ኢሜይልና የአይፒ አድራሻ (ያዘዘበት መሣሪያ የኢንተርኔት ቁጥር)። ከዚህ በፊት ካንቺ ገዝቶ ያውቃል? ካርዱ ቪዛ ከሆነ ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ጥሩ ደንብ አለ። ከ120 እስከ 365 ቀን በፊት የገዛቸውና ያልተከራከረባቸው ሁለት ግዢዎች ካሉ፣ አይፒውና አድራሻው ከአሁኑ ጋር ከገጠመ፣ ኪሳራው ካንቺ ወደ ደንበኛው ባንክ ይዞራል።

ከሁሉ በፊት ግን ስልክ ደውዪለት። ብዙ ጊዜ ሌብነት ሳይሆን መርሳት ነው።

ሒሳብ ያዥ
ወደ 1.69 ልመለስ። 451.20ን ለ9,400 ያካፍሉት፤ 4.8 በመቶ ይመጣል። እውነተኛ ዋጋዎ እሱ ነው። ልጁ ዋሽቶዎታል ማለት አይቻልም፣ የነገረዎት ግን ከሦስቱ እርከኖች የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በየወሩ የሚላክልዎ የሒሳብ ዝርዝር (ስቴትመንት) ላይ «ኳሊፋይድ»፣ «ሚድ ኳሊፋይድ»፣ «ነን ኳሊፋይድ» የሚሉ መስመሮች ያገኛሉ። 1.69 የሚሠራው ለኳሊፋይድ ብቻ ነው። ማይል ወይም ካሽባክ የሚሰጥ ካርድ ሲመጣ ዋጋው ወደሚወደድባቸው ቀጣይ እርከኖች ይወርዳል፤ በድረ ገጽ የመጣ ትዕዛዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው እርከን ላይ ነው የሚያርፈው። የእርስዎ ሽያጭ ግማሹ በድረ ገጽ ከሆነ ልጁ ቡናውን ሲጠጣ ይህን ያውቅ ነበር።

ከሚቆረጠው አብዛኛው ኢንተርቼንጅ ይባላል፣ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ይሄዳል። ጥቂቱ ለቪዛ ወይም ለማስተርካርድ ነው። በእነዚህ መደራደር አይቻልም። መደራደር የሚቻለው ክፍያውን የሚያስተናግድልዎ ካርድ አሠሪ ድርጅት ከላይ በሚጨምረው ላይ ነው። ስለዚህ «ኢንተርቼንጅ ፕላስ» የሚባለውን አከፋፈል ይጠይቁ፤ ዋናው ወጪና የእነሱ ትርፍ ተለያይቶ ይታያል።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። ደንበኛ የትልቅ ባንክ ዴቢት ካርድ (ገንዘቡ በቀጥታ ከራሱ ሒሳብ የሚወጣበት) ይዞ 60 ዶላር ይከፍልዎታል። የኢንተርቼንጁ ጣሪያ በሕግ 21 ሳንቲም ሲደመር 0.05 በመቶ ነው፤ ለማጭበርበር መከላከያ አንድ ሳንቲም ይጨመራል። በድምሩ 25 ሳንቲም። እርስዎ ግን በ1.69 ሲቆጠር አንድ ዶላር ከአንድ ሳንቲም ይከፍላሉ። ልዩነቱ የት ቀረ?

«ፒሲአይ ነን ኮምፕላያንስ» የሚል መስመር ካለም በየዓመቱ የሚሞላውን የካርድ መረጃ ደኅንነት መጠይቅ ስላልሞሉ የሚጣል ቅጣት ነው። ሞልተው ይላኩ፣ ይነሳል።

ቡናዬ ኦንላይን
እኔ ሁሉንም ትቼ ስትራይፕ የሚባል የኦንላይን ክፍያ ድርጅት ገባሁ። 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም፣ አለቀ። ግን ጥቃቅን ትዕዛዝ ላይ 30ዋ ሳንቲም ትነክሳለች። የ12 ዶላር ቡና ስሸጥ 65 ሳንቲም ገደማ ይቆረጣል፣ ከ5 በመቶ በላይ ማለት ነው። ለዚህ ብዬ ግማሽ ኪሎ ብቻውን መሸጥ አቆምኩ፣ ሁለት ሁለቱን አስሬ ነው የማቀርበው።

አዲስ ጀማሪ
እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ስትራይፕ እዚህ ይሠራል?

ቡናዬ ኦንላይን
ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ነጋዴ አካውንት አይከፍቱም ወንድሜ። እዚያው ቻፓንና ቴሌብርን እይ።

ጨዋታ አዋቂ
ለምን 4 በመቶ ደንበኛው ላይ አትጨምሪም? ሁሉም እያደረገው ነው።

ሒሳብ ያዥ
አይደረግም። ቪዛ በክሬዲት ካርድ ላይ የሚፈቅደው ጭማሪ እስከ 3 በመቶ ነው፤ በዴቢት ላይ ጭራሽ ክልክል ነው። ኮኔቲከትና ማሳቹሴትስ ደግሞ በሕግ ከልክለዋል። እህታችን ግን ለክሬዲት ካርድ «ከ10 ዶላር በታች አንቀበልም» ማለት ይችላሉ፣ ለዴቢት አይሠራም።

አሌክሳንድሪያ ግሮሰሪ
ማንም ስለ 89 ዶላሩ አላነሳም፣ እኔን የሚያስፈራኝ ግን እሱ ነው። ውሉን አውጪና ስንት ወር እንደሚል እዪ። 48 ወር ከሆነ 4,272 ዶላር ነው! ማሽኑን ገዝተሽው ቢሆን ጥቂት መቶ ዶላር ነበር። የኪራይ ውሉ ብዙ ጊዜ ከሌላ ድርጅት ጋር ነው የሚሆነው፤ ካርድ አሠሪውን ብትለቂ እንኳ ኪራዩ አይቆምም፣ በግልሽም ዋስ ሆነሽ ፈርመሽ ይሆናል። ማሽኑን መልሰሽ ስለላክሽም አይቀርም።

የበርበሬ ሱቅ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሚኒሶታ ደወልኩ። ሰውየው በርበሬውን አሁንም እየበላው ነው! ያዘዘችው ባለቤቱ ናት፣ በሱ ካርድ። ባንኩ ስቴትመንት ላይ የወጣው ግን የሱቄ ስም አይደለም፤ ባለቤቴ ታክሲ በሚነዳበት ጊዜ ያስመዘገብነው ኤልኤልሲ (የድርጅት ዓይነት ነው) ስም ነው፣ መጨረሻው «ትራንስፖርት» የሚል። «ሜሪላንድ ሄጄ ታክሲ አልተሳፈርኩም ብዬ ነው» አለኝ፣ ሁለታችንም ሳቅን። ለባንኩ ደውሎ እንደሚያነሳው ቃል ገብቷል። እኔ ግን ማስረጃውንም ዛሬ ማታ እልካለሁ። ስሙንም እንዲቀይሩልኝ ጠይቄያለሁ።

ውሉን አየሁት። 48 ወር ነው፣ የከፈልኩት ሰባቱን ብቻ።

አሌክሳንድሪያ ግሮሰሪ
ሰውየው አነሳለሁ ስላለ እንዳትዘናጊ፣ ማስረጃውን ላኪ። የኪራይ ውሉን ሁሉንም ገጽ፣ የጀርባውንም፣ አንሺና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደውዪልኝ። ቁጥሬን በውስጥ እልክልሻለሁ፤ የኔን ውል ያየልኝን ጠበቃ አገናኝሻለሁ።