ጭነት ሲበዛበት የሚጠፋ ዴስክቶፕ፦ ጥፋቱ የፓወር ሳፕላይ ነው የማዘርቦርድ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከባሕር ዳር ነው። 8 ጊጋ ራምና 450 ዋት ፓወር ሳፕላይ ያለው ዴስክቶፕ ቪዲዮ ኤዲት ሲደረግበት በ10 ደቂቃ ውስጥ ድርግም ብሎ ይጠፋና ራሱ ይነሳል። ሰማያዊ ስክሪን የለም። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ላይ ያለው ከርነል ፓወር 41 የሚባለው መልእክት ብቻ፤ የባግቼክ (የብልሽት) ኮዱም 0። እሱ ደግሞ በአግባቡ ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም።

ራም የሚፈትሸው ሜምቴስት86 ራሞቹን አንድ በአንድ እያስገባሁ 4 ዙር ሄዷል፣ ስህተት የለም። የዲስክ ጤንነት የሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ዲስኩ ላይ ምንም አላገኘም። ሲፒዩው በጭነት ከ68 ዲግሪ አያልፍም፤ ሙቀት አይደለም።

ጥርጣሬዬ ፓወር ሳፕላዩ ላይ ነው። ቢጫው (የ12 ቮልት) ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በመልቲሜትር ሲለካ ያለ ሥራ 12.1 ቮልት፣ ኦሲሲቲ በሚባለው የጭነት መሞከሪያ ፕሮግራም ሲጫን 11.5 ነው። የሚፈቀደው ልዩነት 5 በመቶ ስለሆነ ከ11.4 በላይ ነው፣ ግን ጠርዝ ላይ። መልቲሜትር ደግሞ በሚሊሰከንድ የሚከሰተውን መውረድ አያሳይም። የፓወር ሳፕላይ ቴስተሩም ቀላል ጭነት ብቻ ስለሚሰጥ «ደህና ነው» ማለቱን አላምነውም። የከተማው መብራት ይዋዥቃል ብዬ በስታብላይዘር ሞከርኩ፤ ያው ነው።

በሲፒዩው ዙሪያ ያሉት ካፓሲተሮች አላበጡም። ኦሲሎስኮፕ (ፈጣን የቮልቴጅ ለውጥ የሚያሳይ መሣሪያ) ሳይኖር ጥፋቱ የፓወር ሳፕላዩ ይሁን የማዘርቦርዱ የቮልቴጅ ክፍል በምን ይለያል? ወይስ ቀይሮ ከመሞከር ሌላ መንገድ የለም? እዚሁ ከተማ ባለ 500 ዋት ለአንድ ሰዓት የሚያውሰኝ ካለ ማሽኑን ተሸክሜ እመጣለሁ።