ሥራ የለቀቁ ሠራተኞችን መረጃ ከዳታቤዝ ስለማጽዳት

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦
በምሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ ሥራ ከለቀቁ የቆዩ ሰዎች የፈረቃ ምደባና የጣት አሻራ መዝገብ ሳይነሳ ስለተከማቸ ሲስተሙ እጅግ ዘግይቷል፤ አዲስ የፈረቃ ፕሮግራም በወጣ ቁጥርም የለቀቀ ሰው ስም ይመደባል። ባጠፋው የሰው መብት አብሮ እንዳይጠፋ እሰጋለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፣ ከደሴ፦
ወንድሜ፣ የሠራተኛውን ስም ከያዘው ዋና ሰንጠረዥ እንዳይጀምሩ አደራ፤ የሰዓት፣ የፈቃድና የደመወዝ መዝገቡ በመለያ ቁጥሩ የተሳሰረ ስለሆነ ዋናው ሲነሳ ሌላው ባለቤት አልባ ይሆናል። መጀመሪያ «የለቀቀ» የሚል ምልክት ያድርጉበት፤ ከፈረቃ ምደባ ለማስወጣት ብዙ ጊዜ ይኸው ይበቃል። የሚሰረዝ ካለ ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ወስደው በሌላ ኮምፒውተር ላይ በትክክል መመለሱን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት በጥቂት በጥቂቱ ይሰርዙ።

መልስ፣ ከወልድያ፦
በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር፣ የተለየ ጊዜ ያልተወሰነለት ክስ ደግሞ በ1 ዓመት በይርጋ (የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ) ስለሚታገድ፣ የሰዓት መዝገቡን ከዚያ በፊት መንካት አይገባም። የደመወዝና የጡረታ መዋጮ መዝገብ ከዓመታት በኋላ አበል ለሚጠይቅ ሰው ማስረጃው ነውና በእኔ እምነት ከነጭራሹ አይነካ። የጣት አሻራው ግን ለመግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻ የተወሰደ በመሆኑ፣ ሠራተኛው እንደለቀቀ ቀድሞ መሰረዝ ያለበት እርሱ ነው።