የድሮ የሒሳብ ፕሮግራም «ዳት» ፋይል አልከፈት አለኝ (አስቸኳይ)

ባለመዝገቡ (ጠያቂ)
የደንበኞችን ሒሳብ የምንይዝበት የቆየ የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረ የኮምፒውተር ሥርዓት) ፕሮግራም ያለበት ኮምፒውተር ዛሬ ጠዋት ጨርሶ አልነሣም አለ። ሃርድ ዲስኩን አውጥተን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስንሰካው ፋይሎቹ ይታያሉ፤ ይሁን እንጂ ዋናው ፋይል ቅጥያው (የስሙ መጨረሻ) «ዳት» ስለሆነ የሚከፍተው ፕሮግራም አላገኘንም። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል። ፋይሉ በሚስጥር ቁልፍ የተቆለፈ ይመስለኛል። የወሩ ሒሳብ ነገ መዘጋት ስላለበት ቁልፉን የሚፈታ ፕሮግራም የሚያውቅ ሰው እባካችሁ ይጠቁመኝ።

ጥንቁቅ
ቁልፍ ከመፈለግዎ በፊት ፎልደሩን እንዳለ ገልብጠው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ፤ ከዚያ በኋላ የሚሞክሩት ሁሉ በቅጂው ላይ ብቻ ይሁን። ዋናውን ፋይል አይክፈቱት፣ ልክፈተው ካሉም በምንም ዓይነት ሴቭ አያድርጉት። ኖትፓድ እንዲህ ያለውን ፋይል ከፍቶ መልሶ ሲያስቀምጠው የማያውቃቸውን ባይቶች ሊለውጣቸው ስለሚችል፣ ደህና የነበረው መረጃ በእጅዎ ይበላሻል። ዲስኩም አርጅቶ ሊሆን ስለሚችል ቅጂውን ዛሬውኑ ይውሰዱ።

ፈጣን መልስ
ቅጥያውን ወደ «ሲኤስቪ» ቀይረው በኤክሴል ይክፈቱት።

ጥንቁቅ
ቅጥያ መቀየር የፋይሉን ውስጥ አይቀይርም።

ቢት ቆጣሪ
ፋይሉ ተቆልፏል የሚለውን ግምት አልቀበለውም። በዚያ ዘመን የነበሩ የሒሳብ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ መረጃቸውን ሳይቆልፉ ያስቀምጡ ነበር፤ ሠሪዎቹም የታወቀን የፋይል ዓይነት በራሳቸው ቅጥያ መሰየማቸው የተለመደ ነው። በቅጂው ላይ በሄክስ ኤዲተር (የፋይሉን ባይቶች አንድ በአንድ በቁጥር የሚያሳይ ፕሮግራም) የመጀመሪያውን ባይት፣ ከዚያም ከ5ኛው እስከ 12ኛው ያሉትን ባይቶች በተለመደው (በአሥር መሠረት) ቁጥር አንብበው ይጻፉልን። የፋይሉን መጠንም በባይት ይንገሩን። ወደ ታች ሲወርዱ የደንበኞች ስም በግልጽ የሚነበብ ከሆነም ይጥቀሱት።

ባለመዝገቡ
የመጀመሪያው 131 ነው። ከ5ኛው ጀምሮ ያሉት ደግሞ 114፣ 16፣ 0፣ 0፣ 65፣ 1፣ 128፣ 0 ናቸው። መጠኑ 539,202 ባይት ነው። ስሞቹ በግልጽ ይነበባሉ።

ቢት ቆጣሪ
እንግዲያው የሚፈታ ቁልፍ የለም። ይህ አሽተን-ቴት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው የዲቤዝ 3 (የመረጃ ቋት ፕሮግራም) ፋይል ዓይነት ነው፤ ክሊፐርን የመሳሰሉ ሌሎች የፕሮግራም መሥሪያዎችም ይጠቀሙበት ነበር። 131 ማለት የማስታወሻ ጽሑፍ በተጓዳኝ ፋይል አለው ማለት ነው፤ ማስታወሻ ባይኖረው 3 ይሆን ነበር።

ቁጥሮቹ ከትንሹ ባይት ጀምረው ስለሚጻፉ፣ 16ን በ256 አባዝተን 114 ስንጨምር 4,210 መዝገቦች ይሆናሉ። በተመሳሳይ መንገድ ከ65ና ከ1 የራስጌው (ከመዝገቦቹ በፊት ያለው የፋይሉ መግለጫ) ርዝመት 321 ባይት ሲሆን፣ ከ128ና ከ0 የእያንዳንዱ መዝገብ ርዝመት 128 ነው። ራስጌው 32 ባይት መግቢያ፣ ለእያንዳንዱ ዓምድ 32 ባይት መግለጫና አንድ መዝጊያ ባይት ስላለው፣ 9 ዓምዶች አሉዎት። አሁን ያመሳክሩ፦ 4,210 በ128 ሲባዛ 538,880፣ 321 ሲደመር 539,201፣ ከመጨረሻዋ የማብቂያ ባይት ጋር 539,202። ልክ እርስዎ የጻፉት መጠን ነው፤ ፋይሉ አልተቆረጠም ብለን በድፍረት መናገር የምንችለውም ከዚህ በመነሣት ነው።

ውስጡ ቀድሞውንም የዲቤዝ ስለሆነ፣ የቅጂውን ቅጥያ ወደ ዲቤዝ የራሱ ቅጥያ «ዲቢኤፍ» ቀይረው በሊብሬኦፊስ ካልክ ወይም በኤክሴል ይክፈቱት።

ፈጣን መልስ
እኔም በኤክሴል ይክፈቱት ብያለሁ።

ዶስ ወዳጅ
መረጃውን ማውጣት ለዘለቄታው ጥሩ ነው፤ የጠያቂው ችግር ግን ነገ የሚዘጋው ሒሳብ ነው። ፎልደሩ ሙሉ ከሆነ ዶስቦክስን (የዶስ ፕሮግራሞችን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ጭነው በቅጂው ውስጥ ያለውን አሮጌውን ፕሮግራም ራሱን ያስነሡት፤ ድምሩንም እንደለመዱት ያውጡ። ዓምዶቹ ምን እንደሆኑና ቀሪ ሒሳብ እንዴት እንደሚሰላ የሚያውቀው ፕሮግራሙ ስለሆነ፣ ካልክ ላይ የሚያገኙትን ድምር ከዚያ ጋር ሳያስተያዩ አይመኑት።

ባለመዝገቡ
በካልክ ተከፈተልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሆኖም የሚታዩት ረድፎች 4,187 ብቻ ናቸው። የማስታወሻው ዓምድም ባዶ ነው፤ በሄክስ ኤዲተር ሳየው በስፍራው እንደ 17 ያለ ቁጥር ብቻ አለ። ደንበኞቹ ያለባቸውን ዕዳ የምንጽፈው እዚያ ላይ ነው። የጎደሉት 23 ሰዎች ጠፍተው ይሆን?

ቢት ቆጣሪ
ጠፍተው ላይሆን ይችላል። በዚህ የፋይል ዓይነት አንድ መዝገብ ሲሰረዝ ወዲያው አይጠፋም፤ የመዝገቡ የመጀመሪያ ባይት ክፍት ቦታ (32) መሆኑ ቀርቶ ኮከብ (42) ይሆናል እንጂ መረጃው በስፍራው ይቆያል። ስለዚህ በኮከብ የሚጀምሩትን ይቁጠሩ፤ 23 ከሆኑ ራሳችሁ የሰረዛችኋቸው ናቸው፣ ወደ ድምሩም አይግቡ። ዕዳውን ከፍሎ የተሰረዘን ደንበኛ መልሶ ባለዕዳ ማድረግ ከመረጃ መጥፋት የማይተናነስ ጥፋት ነው።

17 ደግሞ የማስታወሻው አድራሻ ነው። በዚያው ፎልደር ተመሳሳይ ስም ይዞ ቅጥያው የተለየ ፋይል ይፈልጉ፤ የቅጂውን ቅጥያ ወደ «ዲቢቲ» (የዲቤዝ የማስታወሻ ፋይል ቅጥያ) ቀይረው ከዲቢኤፉ ጎን ያስቀምጡትና እንደገና ይክፈቱ። ጽሑፉ አሁንም ካልመጣ፣ ያ ፋይል በ512 ባይት ክፍሎች የተከፈለ ስለሆነ 17ን በ512 አባዝተው 8,704ኛው ባይት ላይ ይሂዱ፤ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ጽሑፉ ከዚያ ተነሥቶ 26 የሚል ባይት እስኪያጋጥም ድረስ ይቀጥላል። የተጓዳኙን ፋይል ስምና መጠን ቢጽፉልን ትክክለኛው መሆኑን አብረን እናረጋግጣለን።