ቱታ አብሶሉታ ስሟ ተቀየረ እንዴ?

ቅጠል በል፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪዋን የእሳት እራት ሁሌ ቱታ አብሶሉታ ነበር የምንላት። ሰሞኑን የማያቸው ጽሑፎች ግን ፍቶሪሜያ አብሶሉታ ይሏታል። ያችው ናት ወይስ ሌላ? ፍቶሪሜያ የድንቿ የእሳት እራት ጂነስ (የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች ምድብ) አይደለም እንዴ?

የማታ መብራት፦ ያችው ናት። እንዲያውም የተመለሰችው ወደ ድሮ ቤቷ ነው። የነፍሳት ተመራማሪው ሜይሪክ በ1917 (በፈረንጆቹ) የፔሩ ናሙና ይዞ ሲገልጻት ፍቶሪሜያ ነበር ያላት። ከዚያ ጂነስ ስታቀያይር ኖረች፤ ግኖሪሞሼማ፣ ስክሮቢፓልፑላ፣ ሌላም ሌላም፣ በመጨረሻ ፖቮልኒ በ1994 ቱታ ውስጥ አስገባት። በ2021 የአካል ቅርጽንና ዲኤንኤን አንድ ላይ ያየ ጥናት ወጣና ቱታን ጠቅልሎ ፍቶሪሜያ ውስጥ ከተተው።

ከሳይንሳዊ ስሟ ቀጥሎ የገላጩ ስም ሲጻፍ ቅንፉን ልብ በል። የገላጩ ስም በቅንፍ ከተጻፈ ዝርያዋ መጀመሪያ ከተሰጣት ጂነስ ወጥታለች ማለት ነው። ቱታ በነበረችበት ጊዜ ሜይሪክ በቅንፍ ነበር፤ አሁን ቅንፉ ቀርቷል። የድንቿ ግን ዜለር በ1873 ጌሌኪያ ብሎ ስለጀመራት ቅንፏ እንዳለ ነው።

ዘሪሁን_ነፍሳት፦ ስርጭቱ ላይ ልጨምር። ሁለቱም መነሻቸው ደቡብ አሜሪካ ነው። የድንቿ ከድንች ጋር እየተጫነች ድንች በሚበቅልበት አገር ሁሉ ተዳርሳለች ማለት ይቻላል። የቲማቲሟ ግን ገና የቅርብ ጊዜ ናት፦ በ2006 ስፔን ታየች፣ ሜዲትራኒያንን በጥቂት ዓመት አዳረሰች፣ ወደ አፍሪካ ወረደች፣ በ2014 ህንድ፣ በ2017 ቻይና። ክንፏ ተዘርግቶ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ፍጥረት ይህን ሁሉ በራሷ በርራ አልሄደችም፣ ፍሬውና ሳጥኑ ናቸው የወሰዷት።

ቅጠል በል፦ አመሰግናለሁ። በዓይን መለየትስ ይቻላል?

የማታ መብራት፦ ክንፍ ያወጡትን በፎቶ ለየሁልህ የሚልህን አትመን። ሁለቱም ግራጫ ቡናማ፣ ነጠብጣብ ነገር ናቸው፤ እርግጠኛ ለመሆን የመራቢያ አካላቸውን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ትሉ ይሻላል። ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ያለችውን ጠፍጣፋ ጋሻ በአጉሊ መነጽር እያት። ሙሉዋ ጠቆር ካለች የድንቿ ናት፣ ፈዘዝ ብላ ከኋላዋ ቀጭን ጥቁር መስመር ብቻ ካላት የቲማቲሟ ናት። ቅጠል ላይ ስላገኘሃት ብቻ ግን አትወስን፣ የድንቿም ቅጠል ትሰረስራለች።

ቅጠል በል፦ እና የናሙናዬ መለያ ላይ የቱን ልጻፍ?

ዘሪሁን_ነፍሳት፦ ፍቶሪሜያ ብለህ፣ ጎኑ ላይ ቱታን ጨምርበት። የቆየው ጽሑፍ ሁሉ በቱታ ስለሆነ ፈላጊ አያጣህም።