መኪናዬን ከሸጥኩ ወዲህ ሰው ፊት መቀመጥ ከበደኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመት አይሱዙ ነበረኝ፣ እህል እየጫንኩ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትሩን እንደ ጓሮዬ ነበር የምመላለሰው። አምና በዕዳ ሸጥኩት፣ አሁን የሰው መኪና ነው የምነዳው። እንጀራ አላጣሁም ተመስገን፣ የከበደኝ ሌላ ነው፤ ያኔ ማኅበር ስገባ ቦታ ይለቀቅልኛል፣ አሁን ማንም ምንም ሳይለኝ እኔው ራሴ ሄጄ በር ጋ ቁጭ። ባለቤቴ "ማን ዝቅ በል አለህ?" ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ማንም አላለኝም። ከዚህ ነገር እንዴት ነው የሚወጣው?

ብርድ የለመደ፦
ኧረ ወንድሜ በደብረ ብርሃን ብርድ በር ጋ መቀመጥ ለሳንባም አይሆን ሃሃሃ

የመንዙ ልጅ፦
አባቴ ሁለት በሬና አንድ የሱፍ ባና ነበረው፣ ግን ሰው ሲጣላ የሚጠራው እሱ ነው። የመንዝን የጋራ ሳር መሬት፣ ጓሳን ታውቀው የለ? ቀሮ በሚባለው የድሮ የጥበቃ ሥርዓት ሳሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይከርም ነበር፣ የሚከፈትበት ቀን ሳይደርስ ማጭድ ይዞ የገባ፣ ባለ ብዙ ከብትም ይሁን፣ ይቀጣ ነበር። ድሮ ሰው በሀብቱ አልነበረም።

ቁም ነገረኛው፦
የመንዙ፣ አታሳምረው እንጂ። ጓሳም እኮ የጥንቶቹ አባቶች የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ ለሚል ነበር፣ ሌላው ቆሞ ነው የሚያየው፣ ቀሮው የፈረሰውም የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከመጣ በኋላ ነው። አይሱዙ ባይኖር በዘር እንለካካ ነበር ማለት ነው። ጠያቂ አንተም ከመኪናው ወርደህ "እኔ ድሃ ግን ጨዋ" የሚል ሌላ ወንበር ላይ እንዳትወጣ፣ እሱ ከአይሱዙው ይብሳል።

የመንዙ ልጅ፦
እሺ ተረታሁ። አባቴም "የአስቦ ዘር ነኝ" ማለት ይወድ ነበር ለነገሩ።

እናት ዓለም፦
ወንድም ዓለም፣ ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ በዝናብ ድንኳን የተከሉትን፣ ውሃ የቀዱልኝን አንድ በአንድ እቆጥርልሃለሁ። በመኪና ይምጡ በእግር ግን ብትገርፈኝ አላውቅም።

ጠያቂ፦
ቁም ነገረኛው፣ አገኘኸኝ። "እኔ ቢያንስ ዕዳዬን ከፍያለሁ" እያልኩ በሆዴ ያልከፈሉትን መናቅ ጀምሬ ነበር። እናት ዓለም፣ ነፍሱን ይማር፣ እኔ ራሴ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ድንኳን እንደተከልኩ ላስብ ብዬ ከሁለት አላለፈልኝም፣ ሁሌ ብር ሰጥቼ ነው የምሄደው። በ12 የሚካኤል ማኅበር አለን። ብርድ የለመደ፣ ምድጃው ጋ ነኝ።