ባስቲን 178 ግብ ያገባው እንዴት ነው? የጦርነቱ ዘመን ግቦችስ?

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦
እንደምን ሰነበታችሁ፣ የአርሰናል ወዳጆች። ፒያሳ ጨዋታ በምናይበት ዲኤስቲቪ ቤት ግድግዳ ላይ የክለቡ ከፍተኛ ግብ አግቢዎች ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ሄንሪ 228፣ ራይት 185 ይልና ከዚያ በታች ባዶ ነው። ባለፈው እሑድ አብረውን የሚያዩ አንድ አባት ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው «ባስቲንን ለምን ተዋችሁት?» ሲሉ ጠየቁን፤ ከመካከላችን መልስ ያገኘ አልነበረም። ቤት ገብቼ ሳነብ ክሊፍ ባስቲን 178 ግብ እንዳገባና ክብረ ወሰኑ እስከ 1997 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንደቆየ ተረዳሁ። የመስመር ተጫዋች ሆኖ ይህን ያህል እንዴት አገባ? በጦርነቱ ዘመን ያገባቸውስ ለምን አልተደመሩለትም?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ጥያቄህ መልስ ከ1925 ይጀምራል። እስከዚያ ድረስ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ እንዳይባል በእሱና በግቡ መስመር መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች መኖር ነበረባቸው፤ ቁጥሩ ወደ ሁለት ሲወርድ ተከላካዮች ተጋለጡ። በዚያው ዓመት አርሰናልን የተረከበው አሰልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን በኒውካስል 7 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ፣ በተጫዋቹ በቻርሊ ቡካን ውትወታ፣ የመሐል አማካዩን ወደ ኋላ ስቦ ሦስተኛ ተከላካይ አደረገው። ቡድኑ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ኳስ ሲነጥቅ አሌክስ ጄምስ ከመሐል ሜዳ ረጅሙን ኳስ ይልካል፤ የዘመኑ የመስመር ተጫዋቾች ጥጉን ይዘው ሲያሻሙ ባስቲን ግን ከግራ ወደ ውስጥ ሰብሮ ገብቶ ራሱ ይመታ ነበር። በ1932–33 በሊጉ ብቻ 33 ግብ አገባ። ከኤክሰተር ሲቲ በ1929 ሲመጣ ገና 17 ዓመቱ ነበር፤ 20 ሳይሞላው የኤፍኤ ዋንጫን፣ የሊጉን ሻምፒዮናነትና የእንግሊዝን ማልያ አግኝቷል። በሄንሪ ያደነቅነው ያ ከግራ ወደ ውስጥ የሚገባ ሩጫ፣ በእኔ ዕይታ፣ በቀድሞው የአርሰናል ሜዳ በሃይበሪ ከእሱ 70 ዓመት ቀድሞ ታይቷል።

ሐይቅ ዳር፦
የጦርነቱን ነገር እኔ ልጨምር። የ1939–40 ሊግ ሦስት ጨዋታ ብቻ እንደተደረገ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ የተካሄዱት በየአካባቢው የተዘጋጁ፣ ተጫዋቾችም ለሌላ ክለብ በእንግድነት የሚሰለፉባቸው ውድድሮች ስለነበሩ በይፋዊው መዝገብ አልገቡም። ሃይበሪ ለአየር ጥቃት መከላከያ ሥራ በመወሰዱ አርሰናል የሚጫወተው በባላንጣው በቶተንሃም ሜዳ ነበር። ባስቲን ጆሮው በደንብ ስለማይሰማ ከውትድርና ነጻ ሆኖ በዚያው በሃይበሪ የአየር ጥቃት ጠባቂ ሆኖ አገልግሏል። የፋሺስት ኢጣሊያ ራዲዮ ግን በ1941 በቀርጤስ ውጊያ ተማረከ ብሎ አወራበት። ኢጣሊያ ደሴን የለቀቀችው በዚያው ዓመት ነውና ይህን ባነበብሁ ቁጥር የሩቁ ሰው ታሪክ የሰፈሬ ሆኖ ይሰማኛል።

የጦርነቱ ግቦች አለመደመራቸው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው፤ 178ቱም ግቦች ከጦርነቱ በፊት የተቆጠሩ ናቸው። ጦርነቱ ሲጀመር ገና 27 ዓመቱ ነበር፤ ሊጉ ሲመለስ ጥቂት ተጫውቶ በ1947 ጫማውን ሰቀለ።

ሰቆጣ በር (ወልድያ)፦
ኢያን ራይት በመስከረም 1997 ቦልተን ላይ ሦስት ግብ አግብቶ ክብረ ወሰኑን ሲሰብር ባስቲን በሕይወት አልነበረም፤ ያረፈው በ1991 ነው።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦
አላህ ይስጥልኝ፣ ወገኖቼ። የጻፋችሁትን ትናንት ለአባታችን አነበብሁላቸው፤ የቀርጤሱ ወሬ ላይ ስደርስ ስኒያቸውን አስቀምጠው ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። የቤቱ ባለቤትም ፈቅደው ከራይት ሥር «ባስቲን 178» ተብሎ ተጽፏል፤ ዓመቱም ይግባ ስላሉ ከጎኑ 1929–1947 ተጨምሮበታል። ቀለሙ ገና አልደረቀም።