ሐኪም ሙያውን ትቶ ሌላ ሥራ ቢጀምር ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ስፔሻሊቲውን ጨርሶ ብዙም ሳይቆይ ሆስፒታሉን ለቀቀ። አሁን የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ነው። ከባቾቻችን ግማሹ "ጎበዝ፣ ነቃህ" አለው። ሌላው ስልኩን ማንሳት ተወ። እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። እስቲ ተከራከሩበት፣ ስድብ ግን ይቅር።

ቀዶ ሐኪሙ፦ ልክ አይደለም። ሐኪም የሚኮነው በራስ ጉብዝና ብቻ አይደለማ! ኢንተርን፣ ማለትም በሆስፒታል ልምምድ ላይ ያለ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆነህ ደም መቅዳት የለመድከው በሰው ክንድ ላይ ነው። አንዴ ሳትክ፣ ደገምክ፣ እንደገና ሳትክ። ሰውዬው ጥርሱን ነክሶ ታገሠህ። ነገ ሌላውን በደንብ ታክማለህ ብሎ ነው የታገሠህ። ይሄ ዕዳ ነው። ሌላ ሙያ ላይ እንዲህ ያለ ዕዳ ብዙ አላይም።

የወጣሁት፦ ዶክተር፣ ዕዳው መኖሩን አልክድም። መቼ ተከፍሎ ያልቃል? እሱን ይንገሩኝ። እኔ የወጣሁት አዲስ ታካሚ በመጣ ቁጥር መናደድ ስለጀመርኩ ነው። ሰው ታሞ መጣ ብዬ ተናደድኩ! የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው ላይ በርንአውትን በሽታ አላለውም። በአግባቡ ካልተያዘ የረጅም ጊዜ የሥራ ጫና የሚመጣ፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው። አቅም ይሟጠጣል፣ ልብ ከሥራው ይርቃል፣ የምትሠራው ሁሉ ዋጋ ቢስ ይመስልሃል። ሥራው ያመጣውን ጣጣ ሐኪሙ ብቻውን ችሎ ይቀመጥ ነው የምትሉት?

የዋርድ ነርስ፦ ሁለታችሁም የምታወሩት ስለሚሄደው ሐኪም ነው። እሱ ስለሄደ ዋርዱ አይዘጋም። ተረኝነቱ ለቀሩት ይከፋፈላል። ወር ሳይሞላ አንዷ ደግሞ ትደክምና ማመልከቻ ታስገባለች። እሷ ስትሄድ ለሌሎቹ ይብሳል። ሌሊት ላይ አዲሱ ሬዚደንት፣ ስፔሻሊቲውን ገና የሚማረው ሐኪም፣ ግራ ሲገባው ደውሎ የሚጠይቀው ሲኒየር ያጣል። ያን ጊዜ የሚደውለው ለእኔ ነው። እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ።

የስኳር ታካሚ፦ እኔም ልናገር። ሐኪሜ ስለለቀቀች አልተቀየምኩም፣ የራሷ ሕይወት አላት። የተቀየምኩት ማንም ስላልነገረኝ ነው። በቀጠሮዬ ቀን ስሄድ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። የትኛው መድኃኒት እንዳልተስማማኝ ከዜሮ ጀምሬ አስረዳሁ። በአንድ ሐኪም እጅ መቆየት ዝም ብሎ ምቾት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ አንድ ጽሑፍ፣ ክትትሉ ሳይቋረጥ በአንድ ሐኪም የሚታይ ሰው ላይ ሞት ዝቅ ብሎ እንደሚታይ አሳይቷል። መውጣት የፈለገ ይውጣ። ግን አስረክቦ ይውጣ።

5ኛ ዓመት ተማሪ፦ መውጣት እኮ የዛሬ ፋሽን አይደለም። የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1891 ለንደን ውስጥ የዓይን ሕክምና ከፍቶ ታካሚ አጣ። ዘግቶ ጽሑፉን ቀጠለ። ማን ወቀሰው?

ቀዶ ሐኪሙ፦ ታካሚ ያጣ ሰው ቢዘጋ ማን ይጎዳል? እኛ የምናወራው ወረፋው በር ላይ ተደርድሮ ስለሚሄደው ነው። ሩሲያዊው ደራሲና ሐኪም ቼኾቭም እየጻፈ ነበር፣ ግን እ.ኤ.አ. በ1892 ኮሌራ ሲገባ በአካባቢው ያለ ክፍያ ሲያክም ከረመ።

የወጣሁት፦ ቼኾቭ እንዴት ቻለ ታዲያ? ሁለቱንም መሥራት ስለቻለ! እኛን እንዲህ የሚያሠራን የለም። ወይ ሙሉ ተረኝነት ከነሌሊቱ፣ ወይ ደህና ሁኑ። ወረቀቱንም አትርሱት። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ ሐኪሙ ከታካሚ ጋር ለሚያሳልፈው ለእያንዳንዱ 1 ሰዓት፣ ወደ 2 ሰዓት የሚጠጋ በኮምፒውተርና በወረቀት ሥራ እንደሚያልፍ አሳይቷል። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ታካሚ እንዳይ ቢፈቀድልኝ ዛሬም እዚያው ነበርኩ። አሁን ከወጣሁ ቆይቻለሁ። እጄም ሥራውን ረስቷል፣ ፈቃድ ማሳደሱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ጠያቂ፦ ይሄን ሳነብ ለጓደኛዬ ደወልኩለት። እሱም ግማሽ ጊዜ ጠይቆ ነበር። "ለአንተ ከፈቀድን ሁሉም ይጠይቃል" ተባለ።

ቀዶ ሐኪሙ፦ እውነት ነዋ፣ ሁሉም ይጠይቃል። እህቴ፣ ሁላችሁም በሳምንት ሁለት ቀን ብትመጡ ሌሊት አንጀቱ የታጠፈ ልጅ ሲመጣ ማን ሊከፍተው ነው?

የዋርድ ነርስ፦ ዶክተር፣ አሁንስ ማን እየከፈተው ነው? ባለፈው ሳምንት ሦስቱንም ሌሊት እርስዎ ነበሩ።

ቀዶ ሐኪሙ፦ አዎ፣ እኔ ነበርኩ። የዚህ ሳምንት ፕሮግራም ደግሞ ገና አልወጣም።

የወጣሁት፦ አንዱን ሌሊት ለእኔ ይስጡኝ ብል አለቆችዎ ይፈቅዳሉ? የምሬን ነው።